ያወራችሁትን ወደ ጽሁፍ ስትቀይሩ

ሰላም ልጆች። አብረውኝ የሚሰሩት ወጣቶች ፕሬዘንቴሽን ሲኖራቸው ቁጭ ብለው አይጽፉም፣ ስልካቸውን ይዘው እየተንጎራደዱ ያወሩና ሪከርዱን በአፕ ወደ ጽሁፍ ቀይረው ስላይዱ ስር ያለው የኖት ቦታ ላይ ለጥፈው ይገባሉ። መጀመሪያ ሳየው ስንፍና መስሎኝ ነበር፣ አሁን ግን እኔም እንደዛው ነኝ። ብቻ አንድ ነገር ላይ ስለተዋረድኩ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

አንዴ የበጀት ሪፖርት ነበረብኝ። ማታ ለብቻዬ 20 ደቂቃ አወራሁ፣ ማሽኑ ጻፈልኝ፣ ላይ ላዩን አየሁትና ተኛሁ። በነጋታው ሰው ፊት ቆሜ እያነበብኩ "የትራንስፖርት ወጪው ጨመረ" አልኩ፣ ፋይናንስ የምትሰራዋ ልጅ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከኋላዬ ያለው ግራፍ እኮ ምንም ያልወጣ ቀጥ ያለ መስመር ነው! እኔ ማታ ያልኩት "አልጨመረም" ነበር። በአማርኛ ከፊት "አል" ከኋላ "ም" ከተዋጡ ነገሩ ተገልብጦ ቁጭ ይላል፣ እኛ ደሞ ስናወራ ጫፍ ጫፉን መዋጥ እንወዳለን።

ስለዚህ ጽሁፉን በአይን ብቻ አትመኑት፣ ሪከርዱን ከፍታችሁ በጆሮ እየሰማችሁ አመሳክሩ። ምን እንዳላችሁ ስለምታስታውሱ አይናችሁ የተጻፈውን ሳይሆን ያሰባችሁትን ነው የሚያነበው። ጊዜ ከሌላችሁ ቢያንስ ቁጥሮቹንና "አል... ም" ያለባቸውን ቦታዎች ስሙ፣ "ስልሳ" እና "ስልሳ ሶስት" መሀል ያለችው ልዩነት እኮ ቀልድ አይደለችም። ከእንግሊዝኛ የቀላቀላችሁትንም እዩት፣ የኔ ማሽን "ዴድላይኑ" ያልኩትን "ደጅ ላይ ኑ" ብሎ ጽፎልኛል። ዝም ያላችሁበት ቦታ ላይም ተጠንቀቁ፣ ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በ2022 የለቀቀው ዊስፐር የሚባል ድምጽ ወደ ጽሁፍ ቀያሪ 680,000 ሰአት ድምጽ ተምሮ እንኳን ማንም ያላለውን አረፍተ ነገር ፈጥሮ የሚጽፍበት ጊዜ አለ፣ አማርኛ ደሞ ከዛ ሁሉ ሰአት ውስጥ የደረሰው ትንሽ ነው።

አቀዳዱ ላይ ብዙ አላወራም። ስልኩ ከአፋችሁ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ፋኑን አጥፉ፣ ለእያንዳንዱ ስላይድ ለየብቻ ቅዱ። የስብሰባ ድምጽ ከሆነ ደሞ ሰዎቹን ሳታስፈቅዱ አትቅዱ፣ ብዙዎቹ አፖች ድምጹን የሰው ሰርቨር ላይ ነው የሚጭኑት።

ዋናው ጉዳዬ ግን ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ያ ረጅም ጽሁፍ ኖት አይደለም! እንዳለ ለጥፋችሁ ስታነቡት የሚሰማው ሰው ወዲያው ያውቅባችኋል፣ ማታ ክፍላችሁ ውስጥ ያወራችሁት ህይወት ያለው ነገር ጠዋት ዜና አንባቢ ያስመስላችኋል። እኔ አሁን የማደርገው ጽሁፉን አትሜ በእርሳስ ነው የማነበው። ሶስቴ ጀምሬ ሶስቴ ያቋረጥኩት አረፍተ ነገር ካለ እዛ ጋ ነገሩ ራሱ አልገባኝም ማለት ነው፣ ስለዚህ ተመልሼ ዳታውን አያለሁ እንጂ ቃላቱን አላሳምርም (በዛ በበጀቱ ሪከርድ "ማለት ነው" ያልኩትን ቆጥሬ 41 ጊዜ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ አሁንም አልለቀቀኝም)። ሳላስበው ጥሩ አድርጌ ያልኩት አንድ መስመር ደሞ አይጠፋም፣ እሱን አሰምርበታለሁ። ከዛ ኖቱ ላይ የሚገባው ይቺን ታክላለች፦ "ወጪ አልጨመረም። ለምን? መኪና ቀነስን። 3 የነበረው 2።" ቁጥሩን እንዳለ፣ ሌላውን ማስታወሻ ቃል ብቻ። የቀረውን አፌ ያውቀዋል፣ ማታ አንዴ አውርቼዋለኋ።

ሪከርዱን ደሞ ፕሬዘንቴሽኑ ሳያልቅ እንዳታጠፉት። እኔ ስቶሬጅ ሞላ ብዬ ጠዋት አጥፍቼው ነበር፣ እና ልጅቷ "የቱ ነው ትክክሉ፣ ያነበቡት ወይስ ግራፉ?" ስትለኝ ሰው ሁሉ እያየኝ ኤክሴሉን ከፍቼ ከመጀመሪያው መደመር ጀመርኩ።