ጥያቄና መልስ፦ ወደ ኋላ የሄደው ሰዓት

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ኮምፒውተር ጊዜን ስለሚመዘግብበት መንገድ ናቸው። አራቱን እነሆ። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሌላ ሲስተም የተቀበልኩት መረጃ ውስጥ 1700000000 የሚል ቁጥር አለ። ወደ ቀን ስለውጠው ጃንዋሪ 20 ቀን 1970 ይለኛል። ቁጥሩ ተበላሽቶ ይሆን?

ቁጥሩ ደህና ነው። ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ጊዜን የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ) ሰዓት፣ በሰከንድ ነው። በዚህ ስሌት ያገኙት ቁጥር ኖቬምበር 14 ቀን 2023፣ 22:13:20 ይሆናል። የእርስዎ ፕሮግራም ግን ሚሊሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሺህኛ) ጠብቆ ስላነበበው ሃያ ቀን እንኳ አልሞላለትም። በ1000 ያባዙት። መረጃው ከዊንዶውስ ቢመጣ ኖሮ ሌላ ሂሳብ ይጠብቅዎት ነበር፤ የዊንዶውስ የፋይል ሰዓት የሚነሳው ከ1601 ሲሆን አንዱ ምት 100 ናኖሰከንድ ነው። ስለዚህ አደራ የምለው፣ በፕሮግራም ውስጥ ጊዜ የሚይዝ ስም ሁሉ መለኪያውን፣ ሰከንድ ይሁን ሚሊሰከንድ፣ አብሮ ይናገር።

ፕሮግራሜ ፋይል ለመቅዳት የፈጀበትን ጊዜ ይመዘግባል። ትናንት ውጤቱ ከዜሮ በታች፣ -2 ሰከንድ ሆኖ አገኘሁት። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ሥራው በ10:00:05 ተጀመረ እንበል። አንድ ሰከንድ ፈጀ። በመሃል ግን ማሽኑ ከሰዓት ሰርቨር ጋር ተገናኘና ሦስት ሰከንድ ቀድሞ እንደነበር ተረዳ፤ ሰዓቱንም ወደ ኋላ መለሰ። መጨረሻው 10:00:03 ተብሎ ተመዘገበ። ሲቀናነስ -2 ነው።

የቀን ሰዓት የሚያገለግለው «አሁን ስንት ሰዓት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ብቻ ነው። ሊታረም ይችላል፣ መታረምም አለበት። «ምን ያህል ቆየ?» ለሚለው ግን ፈጽሞ ወደ ኋላ የማይሄድ ሌላ ሰዓት አለ፤ በሊኑክስ ክሎክ ሞኖቶኒክ ይባላል። እኔ ራሴ ይህን ለይቼ ባለማወቄ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳልተኛ አድሬአለሁ። ከሠላሳ ሰከንድ በኋላ እንደገና መሞከር የነበረበት ፕሮግራም፣ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲታረም ያንን አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀ። የስህተት መልእክት የለም፣ የተቋረጠ ነገር የለም፤ የቆመ ሥራ ብቻ።

ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። የዚህ ሰዓት ቁጥር ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ትርጉም ስለማይኖረው ፋይል ላይ አይጻፍም። በሊኑክስ ደግሞ ማሽኑ ያንቀላፋበትን ጊዜ አይቆጥርም፤ ያንንም ማስላት ከፈለጉ ክሎክ ቡትታይምን ይጠቀሙ።

ማሽኖቻችን ሁሉ ባለ 64 ቢት ናቸው። የ2038ን ጉዳይ እንርሳው?

አይርሱት። ከ1970 ጀምሮ ሰከንዶችን የሚቆጥር ባለ 32 ቢት ቆጣሪ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038፣ በዩቲሲ 03:14:07 ላይ ይሞላል፤ በሚቀጥለው ሰከንድ ወደ ዲሴምበር 1901 ይገለበጣል። ማሽኑ ቢለወጥም አሮጌ የፋይል ቅርጾችና የዳታቤዝ ዓምዶች አሁንም ጊዜን በ32 ቢት ይዘው ሊገኙ ይችላሉ። ከ2038 ያለፈ የማብቂያ ቀን ያለው ውል የሚመዘግብ ሰው ችግሩን ዛሬውኑ ያገኘዋል።

ሁሉንም ጊዜ በዩቲሲ ማስቀመጥ ይበቃል?

ላለፈ ነገር ይበቃል። ለወደፊት ቀጠሮ ግን አይበቃም፤ መንግሥታት የሰዓት ሰቃቸውን ይለውጣሉና። የፓሲፊክ ደሴት አገር የሆነችው ሳሞአ በ2011 ሰቋን ስትለውጥ ከዲሴምበር 29 በቀጥታ ወደ 31 ተሻግራለች። እዚያ ለጃንዋሪ 10 ጠዋት አስቀድሞ የተያዘ ቀጠሮ በዩቲሲ ብቻ ተቀምጦ ከነበረ፣ ከለውጡ በኋላ ጃንዋሪ 11 ጠዋት ሆኖ ይነበባል። ሰዎቹ የተስማሙበትን የአካባቢ ቀንና ሰዓት ከሰቁ ስም፣ ለምሳሌ ከሳሞአው ፓሲፊክ/አፒያ ጋር ያስቀምጡ፤ ወደ ዩቲሲ የሚለውጡት ሰዓቱ ሲቃረብ፣ በአዲሱ የሰቆች ሰንጠረዥ ነው።