መልስ፦ ኬብል ካሩ (በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄደው ማጓጓዣ) ተዘግቶ ወደ ሆንግ ኮንጉ ትልቁ ቡድሃ በምን ይወጣል?

ጉልበታቸውን የሚያማቸውን እናትህን ይዘህ እንዴት እንደምትወጣ ጠይቀሃል፤ በአውቶቡስ ትወጣላችሁ። ቱንግ ቹንግ ባቡር ጣቢያ በመውጫ ቢ ውጣና ቁጥር 23 ያዝ፤ ሐውልቱ ወዳለበት ንጎንግ ፒንግ ለመድረስ 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ኦክቶፐስ የሚባለው የትራንስፖርት መክፈያ ካርድ ከሌለህ ልኩን ዝርዝር ይዘህ ግባ፣ ሾፌሩ መልስ አይሰጥም። መንገዱ ጠመዝማዛ ዳገት ነው፤ መኪና የሚያጥወለውላቸው ከሆነ እናትህን ከፊት አስቀምጣቸው።

ስለ ጉልበታቸው፦ እስከ ሐውልቱ እግር 268 ደረጃ አለ። መውጣት ለማይችሉ በመኪና የሚኬድበት መንገድ ስላለ ደረጃው ሥር ያሉትን ሠራተኞች ቀድመህ ጠይቅ። ባይሳካም አይዘኑ፤ 34 ሜትሩ የነሐስ ቡድሃ፣ ቀኝ እጁን ከፍ አድርጎ፣ ከታችኛው አደባባይ በደንብ ይታያል። እንዲያውም ግዝፈቱ የሚገባው ከዚያ ነው። ፖ ሊን ገዳምም እዚያው ቅርብ ነው፤ የሚሸጠው ምግብ ሥጋ የለበትም።

አንድ ጥንቃቄ፦ ደረጃው በእኛ አቆጣጠር 11፡30 ላይ ይዘጋል። ኬብል ካር በሌለበት ቀን ሕዝቡ ሁሉ ያኔ ወደ አውቶቡስ ስለሚጎርፍ እናትህ ረጅም ሰልፍ ቆመው እንዳይቀሩ 10 ሰዓት ላይ መውረድ ጀምሩ። ጠዋቱን ጭጋግ ከዋጠው ደግሞ ጉዞውን ለነገ አሳድሩት፤ ሐውልቱ ፈጽሞ ላይታይ ይችላል።