የሚነዝር ጀልባ ባትሪ በመቀየር አይድንም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ለገጣፎ ግቢህ ውስጥ ተጎታች ላይ የቆመች ያገለገለች የፋይበር ጀልባ አለችህ። ባትሪዋ በሳምንት ውስጥ ይሞታል። መብራቷ ይደበዝዛል። ቻርጀር ሲሰካ ደግሞ የብረት መደገፊያዋን የነካ ሰው ይነዝረዋል። አንተ የጠየቅከው ግን የትኛውን ባትሪ ልግዛ ብለህ ነው።

እኔ ገላን ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው የምሠራው። መንገዱ ወደ ቢሾፍቱና ወደ ቆቃ ስለሚያወጣ ጀልባ የሚጎትቱ ሰዎች ብቅ ይላሉ። ባትሪውን ለጊዜው ተወው። መጀመሪያ ንዝረቱ።

"ትንሽ ቆንጠጥ ነው የሚያደርገው" ብለሃል። ትንሽ የመሰለህ ጫማ አድርገህ ደረቅ መሬት ላይ ስለቆምክ ነው። ባዶ እግሩን እርጥብ ሳር ላይ የቆመ ልጅ ቢነካው ሌላ ነገር ነው። 12 ቮልት በደረቅ እጅ አይነዝርም። ስለዚህ የነዘረህ ከግድግዳው ሶኬት የመጣው 220 ነው፣ በቻርጀሩ አልፎ ጀልባዋ ላይ ወጥቷል። ወይ ቻርጀሩ ውስጥ ፌዙ (ኤሌክትሪክ የሚያመጣው ሽቦ) ከአካሉ ወይም ከባትሪው ገመድ ጋር ተነካክቷል፣ ወይ ቻርጀሩ ራሱ ጤነኛ ሆኖ ኧርዝ፣ ማለትም የፈሰሰውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስድ መስመር፣ የለውም። ብዙ ቻርጀር ትንሽ ትንሽ ወደ አካሉ ያፈሳል። ያ ፍሳሽ በኧርዝ በኩል መሄድ አለበት። መሄጃ ሲያጣ ብረቱ ላይ ሆኖ ሰው ይጠብቃል። ሁለቱን በስሜት መለየት አይቻልም። ቴስተር ካቻቢቴም አይለይልህም፣ በሁለቱም ሊበራ ይችላል።

በኛ ዳር ዳር ሰፈሮች ደግሞ የኧርዝ ነገር አሳሳቢ ነው። ሶኬቱ ባለሦስት ነው፣ ስትፈታው ከኋላ የገባው ሽቦ ሁለት ብቻ ይሆናል። የኧርዝ ዘንግ የተቀበረበት ቤትም ቢሆን አፈሩ መረሬ ከሆነ በበጋ ይሰነጠቅና ከዘንጉ ይላቀቃል። ክረምት ላይ የሠራ ኧርዝ የካቲት ላይ ላይሠራ ይችላል። "ብሬከሩ እኮ አልወደቀም" እንዳትለኝ። ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦውን ነው እንጂ አንተን አይደለም። ሰውን የሚያድነው በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጠው ብሬከር (RCD የሚሉት) ነው። ጀልባዋ የምትሰካበት መስመር ላይ እሱን አስገባ፣ ኧርዙንም አስለካ። እስከዚያ ድረስ ቻርጀሩን ጀልባዋ ላይ አትሰካ። ባትሪውን ፍታና አውጥተህ አየር ባለበት ቦታ ቻርጅ አድርግ። ስትፈታ ኔጌቲቩን አስቀድም፣ ስትገጥም መጨረሻ አድርገው። ተዘግቶ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ የሚያወጣው ሃይድሮጂን ነው፣ አንዲት ብልጭታ ይበቃዋል።

ይህን ያህል ያስረዘምኩት በሐይቁ ምክንያት ነው። አንዳንዱ ጀልባውን ዳር አስሮ ከሎጅ ወይም ከጄኔሬተር በዲቫይደር መስመር ይስባል፣ ልጆቹ ደግሞ እዚያው ጎን ይዋኛሉ። ጀልባዋ ፋይበር ብትሆንም የሞተሩ እግር ውሃ ውስጥ ነው፣ ፍሳሹ በእሱ ይወጣል። ጨው የሌለው ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። የሰው ሰውነት ከእሱ ይሻላል፣ ስለዚህ ጅረቱ ሰውየውን ይመርጣል። ጡንቻው ይታሰራል። ጎበዝ ዋናተኛ ሳይጮህ ይሰምጣል፣ ያየውም ውሃ የወሰደው ይመስለዋል። እንዲህ ያለ ነገር ከጠረጠርክ ዘለህ አትግባ። መጀመሪያ መስመሩን ንቀል፣ ከዚያ የሚንሳፈፍ ነገር ወርውርለት። ከሶኬት የተያያዘ ጀልባ አጠገብ መዋኘት ጨርሶ የለም።

አሁን ወደ ባትሪህ። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት የአሲድ ባትሪ ካረፈ በኋላ 12.6 ወይም 12.7 ያሳያል። 12.2 ከሆነ ግማሽ ላይ ነው። ቻርጅ አድርገህ፣ ሁሉንም አጥፍተህ፣ የኔጌቲቩን ገመድ ፈትተህ፣ መልቲሜትሩን ባለ 10 አምፔሩ ላይ አድርገህ በገመዱና በባትሪው ኔጌቲቭ ጫፍ መሃል አስገባው። እንደዚያ ሆኖ ሞተር እንዳታስነሳ፣ ሜትሩ ይቃጠላል። 0.2 አምፔር እንኳ ካየህ በቀን ወደ 5 አምፔር ሰዓት ይሄዳል። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሳምንት ግማሹን ያጣል ማለት ነው። ከዚያ ፊውዞቹን አንድ በአንድ ንቀል። ቁጥሩ የወረደበት መስመር ሌባው ነው። ብዙ ጊዜ የማገኘው ቴፑን ወይም ከጀልባዋ ሆድ ውሃ የሚያወጣውን ፓምፕ ነው። የፓምፑ ተንሳፋፊ ስዊች፣ እንደ ሮቶው ያለ፣ በቆሻሻ ይያዝና ሳይዘጋ ይቀራል። ግን ፓምፑን ከዋናው ማጥፊያ ኋላ አታስገባው። ጀልባዋ ሐይቅ ላይ ስታድር ሁሉ ነገር ጠፍቶ እሱ ብቻ መሥራት አለበት፣ የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

የመብራቱ መደብዘዝ ሽቦ ነው ብዬ እወራረዳለሁ። ባለፈው አንዷን ፈታሁ፣ ከውጭ ሲያዩት ንጹሕ ሥራ ነው። ናስትሮውን ስልጠው አረንጓዴ ዱቄት እግሬ ላይ ረገፈ። የገባው ሽቦ የቤት ግድግዳ ውስጥ የሚቀበረው ድፍን ባለ አንድ ዘንግ ነበር። ፕላስቲኩ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ያለው መዳብ ግን በመርገብገብ ብዛት ተቆርጧል። ጣቴን ስጫነው መብራቱ ይመጣል፣ ስለቀው ይሄዳል። ጀልባ ሁሌ ይርገበገባል፣ ስለዚህ ብዙ ቀጫጭን ዘንግ ያለው ተጣጣፊ ሽቦ ያስፈልገዋል። ቆርቆሮ የተቀባውን ካገኘህ እሰየው። ካጣህ ጥሩ የመኪና ሽቦ በተጨመቀ ተርሚናልና በሙቀት በሚሸበሸብ ሽፋን ያዘው። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ይቅር።

ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። ከፊውዙ በፊት ያለ ሽቦ ኮንታክት ከፈጠረ የሚያስቆመው የለም። ባትሪውንም በቀበቶ እሰረው፣ ጫፎቹን ሸፍን።

አንድ ያልጠየቅከኝ ነገር ልጨምር። ሞተሯ ከውስጥ የተገጠመ ባለ ቤንዚን ከሆነ ሞተሪኖ (ሞተር ማስነሻው) ሲበላሽ ሶማሌ ተራ ሄደህ የመኪና እንዳታስገባ። የመኪናው ብልጭታው ክፍት ነው። መኪና ላይ አየር ይወስደዋል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል። የጀልባው ሞተሪኖ ለዚሁ ተብሎ የታፈነ ነው። ከማስነሳትህ በፊትም አየር ማውጫውን አራት ደቂቃ ያህል አስሠራው፣ ከዚያ አሽትት። ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከሆነ ይህ ጭንቀት ይቀልልሃል፣ ሰልባትዮውን (የቤንዚን ታንኩን) ግን አየር ያለበት ቦታ አድርገው።

የቻርጀሩን ጀርባ ላይ ያለውን ጽሑፍና የፊውዝ ሳጥኑን ፎቶ አንሥተህ ለጥፍልን። ሞተሯ የውስጥ ይሁን የውጭም ጻፍልኝ፣ አይቼ እመልስልሃለሁ።