ውሃ ለምን ያስለዋል?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በካንሰር ምክንያት የምላሱ ግራ ጎን ተቆርጦ ከወጣ ስድስት ሳምንቱ ነው። ለስላሳ ምግብ ይውጣል፤ ውሃ ግን ያስለዋል። ሲያወራ ካልገባኝ ዝም ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ምላስ ሳይቆጣጠረው ወደ ጉሮሮ ይሮጣል። ወደ አየር ቧንቧ ከገባ ሳንባን ሊያሳምም ይችላል። የንግግርና የመዋጥ ቴራፒስት ይየው፤ ወፈር ያለ ፈሳሽ ይሻለው ወይስ አገጩን ዝቅ አድርጎ መዋጥ፣ አይተው የሚለዩት እነሱ ናቸው። ከዋጠ በኋላ ድምፁ ውሃ የያዘ ከመሰለ ወይም ካተኮሰው አይዘግዩ።

ይበልጥ ያሳሰበኝ ዝምታው ነው። ወንድሜን በዚሁ ሕመም ሳስታምም «ለ» እና «ረ» ለወራት እምቢ ብለውት ነበር። ቃሉን ቆራርጦ፣ በዝግታ ሲለው ነው መስማት የጀመርኩት። ያልገባዎትን እንደገባዎት አይለፉት። ፊት ለፊቱ ተቀምጠው «እስቲ ድገምልኝ» ይበሉት።