እህቴን ዮጋ የከለከልኩ ሰው ምክር

አሜሪካ፣ ሲያትል ከገባሁ 23 ዓመት አለፈኝ። ስንቱን አዲስ መጪ ከኤርፖርት ተቀብያለሁ፣ ቤት አፈላልጌያለሁ፣ ሥራ አስገብቻለሁ። ስለዚህ ትንሽ ብቆጣ አትቀየሙኝ።

1. ወረቀት። አድራሻ በቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን አሳውቁ፤ በፖስታ የሚመጣላችሁን ደብዳቤ ሁሉ ክፈቱ። ሌላውን ጠበቃ ይንገራችሁ።

2. ክረምቱ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት አካባቢ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። እዚህ በዲሴምበር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ፀሐይ የለችም። የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ቀን ተኝቶ፣ ሳምንት ሙሉ ፀሐይ ሳያይ ይከርማል። እንቅልፍ ይዛባል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ስልክ ማንሳት እንኳ ተራራ ይሆናል። እኛ «ደብሮኝ ነው» ብለን እናልፈዋለን። ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ድባቴ ሊሆን ይችላል፣ ድባቴ ደግሞ በሽታ ነው። ክሊኒክ ስትሄዱ 9 ጥያቄ ያለው ቅጽ ይሰጧችኋል። የእኛ ሰው ዘጠኙንም «በፍጹም የለብኝም» ብሎ ሞልቶ ይመልሳል። ማንን ለመሸወድ ነው?

3. ዮጋ። የኔ ቁስል እዚህ ላይ ነው።

ታናሽ እህቴ በመጣች በሁለተኛው ክረምት ሁለት ሥራ ትሠራ ነበር። ከምታገኘው ግማሹ ወደ አገር ቤት ይሄዳል። አንድ ማታ ወጥ እያማሰለች «ጋሼ፣ የሥራ ጓደኛዬ ኩንዳሊኒ ዮጋ የሚባል ወሰደችኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሌሊቱን ተኛሁ» አለችኝ። ስልኬን አወጣሁና ፈለግኩት። ቃሉ የሳንስክሪት ነው፤ ከአከርካሪ ግርጌ እንደ እባብ ተጠምጥሞ የተኛ ኃይል ይላል። እባብ! ከዚያ ወዲያ አላነበብኩም። «ማተብሽን በጠስሽ?» ብዬ ጮህኩባት። አልበቃኝም፣ ለእማዬ ደውዬ ነገርኩባት። እማዬ አለቀሰች።

እህቴ ዮጋውን ተወች። ለእኔ መንገሩንም አብራ ተወች። «እንዴት ነሽ?» ስላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ትላለች። ስምንት ወር ሙሉ ደህና ነበረች። ከዚያ ከሆስፒታል ተደወለልኝ። ብትተርፍም፣ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስለ እባብ የተናገርኩት ጆሮዬ ላይ ይጮህ ነበር።

ከዚያ በኋላ እኔው ራሴ ሄጄ አየሁት። መሬት ላይ ጀርባን ቀጥ አድርጎ መቀመጥ አለ። በአፍንጫ በረጅሙ መሳብና ቀስ ብሎ ማስወጣት አለ፤ ሲያስወጡ የልብ ምት ዝግ ይላል፣ ይሄ የሰውነት ሥራ ነው። ሆድን እየነዘሩ በፍጥነት የሚተነፍሱት «የእሳት ትንፋሽ» አለ። ነፍሰ ጡር፣ የሚጥል በሽታ ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው እሱን ይዝለለው። ጣትን ተራ በተራ ከአውራ ጣት እያነካኩ «ሳ፣ ታ፣ ና፣ ማ» ማለትም አለ። ቃላቱ ከሲኮች ሃይማኖት (ከሕንድ ሃይማኖቶች አንዱ ነው) ጋር የተያያዙ ናቸው። ሕሊናችሁን ከቆረቆራችሁ አፋችሁን ዘግታችሁ ተንፍሱ፣ ማንም አያስገድዳችሁም። የንስሐ አባታችሁንም ጠይቁ። ስትጠይቁ ግን «ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፣ መኖር ሰልችቶኛል» የሚለውን አትደብቁ።

ተአምር ነው አልልም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የአሜሪካ ጥናት ከባድ ጭንቀት ያለባቸውን 226 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታተለ። ኩንዳሊኒ ከሠሩት 54 ከመቶው ተሻላቸው። ከባለሙያ ጋር በንግግር ከታከሙት ግን 71 ከመቶው። ስለ ውጥረት ትምህርት ብቻ ያገኙት 33 ከመቶ ነበሩ። ጥናቱ የጭንቀት እንጂ የድባቴ አይደለም። እኔ የገባኝ ይሄ ነው፦ ትንፋሹ ያግዛል፣ ሐኪሙን ግን አይተካም። መድኃኒት ጀምራችሁ ከሆነ ዮጋ ተሻለኝ ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቆሙ! ይሄንን በጸበልም የምታደርጉት አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

አስተማሪም ምረጡ። ይህን ዮጋ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋው ዮጊ ባጃን በ2004 ሞተ። በ2020 የወጣ የምርመራ ሪፖርት በተከታዮቹ ላይ ጾታዊ ጥቃት መፈጸሙ ከአለመፈጸሙ ይልቅ የሚታመን ነው ብሏል። ነጭ ልብስ ለብሶ ዓይኑን የጨፈነ ሁሉ ቅዱስ አይደለም። «ለብቻሽ ነይ» ያለሽ ቀን ጫማሽን አንሥተሽ ውጪ።

ወንድሞች፣ ለእናንተ ደግሞ። እህታችሁ ወይም ሚስታችሁ «ትንሽ ቀለለኝ» ስትል ከየት እንደመጣ ለመመርመር አትቸኩሉ። መጀመሪያ «ምን ከብዶሽ ነበር?» በሉ። እኔ ያችን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

4. አስተርጓሚ። ሆስፒታል በነፃ ያቀርብላችኋል፣ ጠይቁ። የ10 ዓመት ልጃችሁን «እናቴ መሞት ትፈልጋለች» ብሎ እንዲተረጉም አታድርጉት። ነገሩ ከጠናባችሁ፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብም ከመጣባችሁ፣ አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ የእርዳታ ስልክ አለ፤ 988 ላይ በማንኛውም ሰዓት ደውሉ።

5. ገንዘብ መላክ። ስለሱ ብዙ ልል ነበር። እህቴ ግን ሳሎን ምንጣፍ አንጥፋ እየጠራችኝ ነው። ጉልበቴ አይታጠፍልኝም፣ እኔ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምተነፍሰው።