«ፎርማኑ የራስህ ጥፋት ነው አለኝ»፦ ከሰሜን ሸዋ የመጡ ጥያቄዎች ስለ ሥራ ላይ ጉዳት

ሰሞኑን ከደብረ ብርሃን፣ ከሸዋ ሮቢትና ከመንዝ የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት የሚጠይቁ ናቸው። ጉዳዩ ለእኔም ሩቅ አይደለም። አባቴ ዕድሜውን ማሽን ሥር ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ጆሮው አይሰማም ነበር። እኛ እርጅና ነው ብለን ተቀበልነው። የጆሮ መድፈኛ ሰጥተውት እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም። ስለዚህ እናንተ መጠየቃችሁ ደስ ብሎኛል።

«ደብረ ብርሃን ሕንፃ ሥራ ላይ ቀን ሠራተኛ ነኝ። የባሕር ዛፍ መወጣጫው ተሰብሮ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። የመጀመሪያ ቀን ሆስፒታል ከፈሉልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሱም። ፎርማኑ “የቀን ሠራተኛ ነህ፣ ውል የለህም፣ ደግሞም ራስህ ሳትጠነቀቅ ነው የወደቅከው” ይለኛል።»

እግዚአብሔር ይማርህ ወንድሜ። ፎርማኑ ያለህ ሁለቱም ነገር ልክ አይደለም።

መጀመሪያ ውሉ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውል የግድ በወረቀት ይሁን አይልም። «ነገ ጠዋት ና» ተብለህ፣ መጥተህ፣ ሠርተህ፣ ከተከፈለህ ውል አለህ። የቀን ሠራተኛ መሆንህ ከሕጉ ጥላ አያወጣህም።

ሁለተኛው የጥፋቱ ነገር ነው። ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ላይ ስለሆነ በደንብ ያዘው። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ኃላፊ የሚሆነው ጥፋት ባይኖርበትም ጭምር ነው። «ማን አጠፋ?» የሚለው ክርክር ውስጥ መግባት የለብህም። ሕጉ አሠሪውን ነፃ የሚያወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው። ራሱን መቆጣጠር እስኪያቅተው ሰክሮ ሥራ መግባት፣ ወይም አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት መመሪያ አለማክበር እንደዚያ ይቆጠራል። የበሰበሰ እንጨት ላይ ውጣ ተብሎ መውጣት ከዚህ ውስጥ የለም።

የሚገባህስ ምንድነው? የሕክምናው ወጪ የመጀመሪያው ቀን ብቻ ሳይሆን ሙሉው የአሠሪው ነው። መሥራት ባልቻልክበት ጊዜ ደግሞ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝህን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ልታገኝ ይገባል። እግርህ እንደ ድሮው ካልተመለሰ የቋሚ ጉዳት ካሳ ለብቻው አለ። የሚከፈለው በጡረታ ፈንድ በኩል ይሁን በቀጥታ በአሠሪው፣ መመዝገብ አለመመዝገብህ ይወስነዋል።

አሁን ስልክ መደወሉን ተወውና ወረቀት ሰብስብ። ከሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ ያዝ፤ ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ ተጽፎበት ይሁን። ስትወድቅ ያዩህን ሁለት ሦስት ልጆች ስማቸውንና ስልካቸውን መዝግብ። መወጣጫው ገና ካልተነሳ ጓደኛህ ፎቶ ያንሳው። ከዚያ ወደ ሥራና ሥልጠና መሥሪያ ቤቱ ሂድና አቤቱታህን በጽሑፍ አስገባ፤ የተቀበሉበትን ማኅተም ያለው ቅጂ ሳትይዝ አትውጣ። አልሆነም ካለ ፍርድ ቤት አለ። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። አሠሪው የሥራ አደጋን መዝግቦ ለሥራ ተቆጣጣሪው የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ስላላሳወቀ መብትህ አይጠፋም፤ ግን አንተም ዝም ካልክ መውደቅህን የሚያውቀው ፎርማኑ ብቻ ይሆናል።

«የማታ ጥበቃ ነኝ፣ 61 ዓመቴ ነው። የታኅሣሥን ውርጭ ያውቁታል። ቤቷ ውስጥ ከሰል አቀጣጥዬ በሩን እዘጋለሁ። ሌሊት ራሴን ይፈልጠኛል፣ ያጥወለውለኛል። ልጄ ከሰሉ ነው ትለኛለች። እኔ ግን ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው የማስገባው።»

አባቴ፣ ልጅዎ ልክ ናት። እባክዎ ዛሬ ማታ ያንን ማንደጃ ወደ ውስጥ አያስገቡት።

ጭሱ አለቀ ማለት አደጋው አለቀ ማለት አይደለም። የጠራ ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የመጣበቅ ኃይሉ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያጥወለውላል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥላል። ሰው የሚሞተው እዚያ እንቅልፍ ውስጥ ነው። እርስዎ የሚጽፉልኝ ምልክት የዚህ መጀመሪያ ነው። ራስዎን ሲፈልጥዎ ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፤ ካልተሻለዎ ሐኪም ቤት ይሂዱ። ሌላ ሰው ወድቆ ካገኙ በሩን ከፍተው ወደ አየር ያውጡት፣ ወደ ሐኪም ያድርሱት።

ታዲያ በብርድ ልሙት ወይ ይሉኛል። አይደለም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ቁሩ ቀልድ አይደለም። ግን ቁሩን መከላከል የእርስዎ ብቻ ዕዳ አይደለም። ሠራተኛውን ከአደጋ የሚጠብቅ ልብስና መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ወፍራም ካፖርት፣ ቦት ጫማ፣ ነፋስ የማያስገባ ቤት፣ መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይጠይቁ። ይህንን ጽሑፍ ለአሠሪዎ ቢያነቡለትም ደስ ይለኛል።

«ስድስት ልጆች የሚሠሩበት የብረታ ብረትና ብየዳ ቤት አለኝ። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል እንሸበራለን። ሊቀጣን ነው የሚመጣው? ወተት ግን በየቀኑ አጠጣቸዋለሁ።»

ለልጆቹ ማሰብዎ ይታያል፤ ስለዚህ በቅንነት ልንገርዎ። ወተት ምግብ ነው፣ ይጠጡ። ሳንባ ግን አያጥብም። ወተቱ የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፣ የብየዳው ጭስ ወደ ሳንባ። ዚንክ የተቀባ ላሜራ የበየደ ልጅ ማታ ላይ እንደ ወባ ካንቀጠቀጠው ጭሱ ነው። ሥራውን ወደ በር፣ ከተቻለም ወደ ደጅ ያውጡት።

ብየዳ በፀሐይ መነጽር አይሠራም፤ የብየዳ ማስክ ይግዙ። የግራይንደሩን መከላከያ ሽፋን ማንም አይፍታው። ሽፋኑን መፍታት በሕጉ ለሠራተኛውም የተከለከለ ነው። የኦክስጅን ሲሊንደር ቫልቭ በዘይት ወይም በግሪስ በተነካ እጅ አይነካ፤ ይቀጣጠላል። የመከላከያ ዕቃው ወጪ የእርስዎ ነው፤ ከልጆቹ ደመወዝ አይቆረጥም።

ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳያስጠነቅቅ መግባት ይችላል፣ ሥልጣን አለው። ግን ማማከርም ሥራው ነው። እስኪመጣ አይጠብቁ፣ ራስዎ ሄደው ይጥሩት። ቀድሞ የጠራውን ሰው እንደ ሸሸው ሰው አያየውም ብዬ አምናለሁ።

«የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ማታ ሺፍት መድበውኛል።»

እህቴ፣ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት ሕጉ ይከለክላል። ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ። የሐኪም ወረቀት አያይዘሽ በጽሑፍ አሳውቂ። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አለሽ። በሰላም ተገላገይ።

«መንዝ መምህር ነኝ። መንግሥት ፖሊሲ አለኝ ይላል። እኛ ጋ ግን ምንም አናይም። እውነት አለ?»

አለ። ኢትዮጵያ የዓለም የሥራ ድርጅትን የሙያ ደህንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155 ያጸደቀችው በ1983 ነው። ብሔራዊ የሙያ ደህንነትና ጤንነት ፖሊሲ በ2006 ወጥቷል። በየዓመቱ ሚያዝያ 20 የሥራ ላይ ደህንነትና ጤንነት ቀን ይከበራል። በፌደራል ደረጃ ጉዳዩን የሚመራው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው፤ በክልሉ ሥራና ሥልጠና ቢሮ፣ ከዚያ ዞንና ወረዳ።

ወረቀቱ ጥሩ ነው። ችግሩ ወረቀቱን ተሸክሞ ገደል ወርዶ ዳገት የሚወጣ ሰው ማነሱ ነው። ከመንዝ ደጋ እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ ያለውን አገር ያስቡት። እኔ የምለው ተቆጣጣሪ ይጨመር፣ ተሽከርካሪና የመሥሪያ በጀትም ይሰጠው። ባነር ከመስቀል በፊት ይህ ቢቀድም ሰው ይተርፋል። እርስዎ ደግሞ መምህር ነዎት። ነገ ብየዳ ቤት የሚገባው፣ ፎቅ ላይ የሚወጣው ልጅ ዛሬ ፊትዎ ተቀምጧል። አንድ ክፍለ ጊዜ ይስጡት።

«ሸዋ ሮቢት የሽንኩርት እርሻ ላይ መድኃኒት እረጫለሁ። ማታ ዓይኔ ይቃጠላል። አለቃዬ ሎሚ ብላ ይለኛል።»

ሎሚ አያድንህም። በነፋስ አትርጭ፣ ረፋዱ ሳይሞቅ ጨርስ። ጓንት፣ ቦት፣ የዓይን መሸፈኛና ማስክ አስገዛ፤ ማስኩ ለኬሚካል የተሠራ ይሁን። በረጨህበት ልብስ ቤት አትግባ፣ ከቤተሰቡ ልብስ ጋርም አይታጠብ። ባዶውን ጄሪካን ውኃ እንዳይቀዳበት ብሳው። ከታመምክ ደግሞ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዘህ ሐኪም ቤት ሂድ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅህ ምን እንደረጨህ ነው።

«የ16 ዓመት ልጄ ትምህርት ሲዘጋ ድንጋይ ካባ ገብቶ ይሠራል። ገንዘቡ ይጠቅመናል። ክፉ ነው?»

እናቴ፣ ችግሩ ይገባኛል። ግን ሕጉ ዕድሜው ከ18 በታች የሆነን ልጅ ካባ ውስጥ ማሠራት ይከለክላል፤ ምክንያትም አለው። የድንጋይ ብናኝ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ጠባሳው አይድንም። ምልክቱም የሚታየው ዘግይቶ ነው፤ ልጁ ራሱ ልጆች በሚያሳድግበት ዕድሜ ሊሆን ይችላል። ሌላ ሥራ ይፈልግ፤ በቀን ከ7 ሰዓት የማይበልጥ፣ ማታ የማይገባበት። ሱቅ ቢያግዝ፣ ሻይ ቤት ቢያስተናግድ ይሻላል። ካባ ውስጥ ያሉት ትልልቆቹም ቢሆኑ ድንጋዩን ውኃ እያርከፈከፉ እንዲፈልጡ ይንገርልኝ፤ ብናኙ ይቀንሳል።