ኤፍ ኮርድ እምቢ ላለው ጀማሪ

«ሦስት ወር ሞከርኩ፣ ኤፍ ኮርድ እምቢ ስላለኝ ጊታሩን ልሸጠው ነው» ላልከው የደሴ ወንድማችን፦ ኤፍ ጠቋሚ ጣት ክሮቹን ሁሉ ባንዴ የሚጫንበት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ስለሆነ ለጀማሪ ይከብዳል። መጀመሪያ 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው አግዳሚ ብረት) ላይ ከብረቱ እስከ ወፍራሙ ክር ያለውን ክፍተት ለካ። ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ጥፋቱ የጣትህ ብቻ አይደለም፤ ባለሙያ ክሮቹን ዝቅ ያድርግልህ፣ ክሩንም ከ12 ወደ ቀጭኑ 10 ቁጥር ቀይረው።

እስከዚያ ኤፍን ተወውና የትዝታን ቅኝት ተጫወት። ከቀጭኑ ክር ስትቆጥር አምስተኛው ክር 3ኛ ፍሬት፣ አራተኛው ክፍቱን (ሳትጫን) እና 2ኛ፣ ሦስተኛው ክፍቱንና 2ኛ፤ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ማለት ነው። እነዚህኑ ኖታዎች ከላ ተነስተህ ላ ላይ ስታሳርፍ ባቲ ማይነር የተባለው ቅኝት ይወጣልሃል (የወሎ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል)።

በየቀኑ 15 ደቂቃ ይበቃል። እሁድ ብቻ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ጣት ያቆስላል እንጂ አያጠነክርም። የደሴ ጠዋት ብርድ ጣት ስለሚያደርቅ ከሰዓት ይሻላል።